ሬዲዮው ያገኘው መድኃኒት

የላክሁት ዜና «መድኃኒት ተገኘ» አይልም። የጻፍሁበት ደብተር ዛሬም በእጄ ስላለ፣ ይህን የምለው ትዝታዬን ብቻ አምኜ አይደለም። የቆቦ ልጅ የሆነ ተመራማሪ ውጭ አገር ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ፣ የሳንባ ነቀርሳን የሚያመጣው ባክቴሪያ ለኑሮው የሚጠቀምባቸውን ሁለት የተጣመሩ ኢንዛይሞች ቅርጽ በክሪስታል አማካይነት እንደለየ ይናገራል። ሥራው ለታማሚ የሚሰጥ ነገር እንዳልሆነ፣ ከዚህ ተነስቶ መድኃኒት መሥራት ብዙ ዓመት ሊፈጅ እንደሚችል፣ ጭራሽ ላይሳካም እንደሚችል ይጨምራል። አራት ዓረፍተ ነገር ነው። በሬዲዮ የተነበበው ሁለት ነበር፤ ሁለቱም ውሸት።

ጊዜው ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ከገባ በኋላ ነው። የአንድ ሬዲዮ ጣቢያ ዘጋቢ ሆኜ ቆቦ ተቀምጬ፣ የከተማውንም የጎረቤት ከተሞቹን የሮቢትንና የጎብዬንም ወሬ እልክ ነበር። ወሬ ስል ብዙውን ጊዜ ስብሰባ ማለቴ ነው። ችግኝ ተተከለ፣ እርከን ተሠራ፣ ውይይት ተካሄደ። የተተከለውን ችግኝ ቁጥር ሳልጠይቀው የሚነግረኝ ሰው፣ የደረቀውን ስጠይቀው ስልክ ይደወልለታል። እንዲህ ያለውን ዜና ለዓመታት ላክሁ፤ ከቁጥሩ ሁሉ ኋላ «ተብሏል» የምትል ቃል እየጨመርሁ። ያቺ ቃል ከውሸቱ የምታወጣኝ ይመስለኝ ነበር።

ተመራማሪውን ከትምህርት ቤት አውቀዋለሁ፤ ከእኔ ሁለት ክፍል ዝቅ ብሎ ነበር የሚማር። በዚያ ዓመት ማሽላ ሲታጨድ የአንድ ወር ፈቃድ ወስዶ አባቱን ሊጠይቅ መጣ። ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ቤታቸው ሄድሁ። አባትየው ከቤቱ ጥላ ሥር አጎዛ ላይ ተቀምጠው፣ ልጃቸው ያመጣውን ባለቀለም ሥዕል በሁለት እጃቸው ይዘው ያገላብጡታል። ሥዕሉ ሰማያዊና ቢጫ ጥምዝምዝ ጥብጣቦች አሉበት፤ የኢንዛይሞቹ ቅርጽ ነው።

«ሰባት ዓመት የሄድህለት ይኼ ነው?» አሉ አባትየው። «የተጠላለፈ ክር?»

«አባዬ፣ ጎርፉ ከተራራው ሲወርድ ምን ታደርጉታላችሁ?»

«እንጠልፈዋለና።»

«ከዚያስ?»

«ከእኔ ማሳ ወደ ጎረቤቴ፣ ከእሱ ወደ ቀጣዩ። ቦይ ካልተበጀለት ሜዳውን አቋርጦ ለአፋር ነው የሚተርፈው። ይህን ልትጠይቀኝ ነው ከፈረንጅ አገር የመጣኸው?»

«ይህ ባክቴሪያም እንዲሁ ነው። አንደኛው ኢንዛይም የሠራውን ለሁለተኛው ያቀብለዋል። ሜዳ ላይ አያፈሰውም። በመካከላቸው ቦይ አለ፤ በዚያ ያሳልፈዋል። እኛ ቦዩን አየነው።»

«አያችሁት።»

«አየነው።»

«ደፈናችሁትስ?»

«አልደፈንነውም። በምን እንደሚደፈን ገና አናውቅም።»

አዛውንቱ ሥዕሉን መለሱለትና ወደ እኔ ዞሩ። «በል አንተ ጻፍ። ቦዩን አየ፤ አልደፈነም።»

ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ፣ ከዚህ የተሻለ መግቢያ የሰጠኝ አዘጋጅ አላጋጠመኝም።

የቀረውን ተመራማሪው ቀስ ብሎ አስረዳኝ። ያ ቦይ የሚያሳልፈው ነገር ለባክቴሪያው የሰውነት መሥሪያ ነው። የሰው አካል ያንኑ ነገር ራሱ አይሠራውም፤ ከምግብ ያገኘዋል። ስለዚህ ቦዩ ቢደፈን ባክቴሪያው ይራባል፣ ሰውየው ምናልባት አይጎዳም። «ምናልባትን አትርሳት» አለኝ። ቅርጹን ለማወቅ መጀመሪያ ኢንዛይሞቹን እንደ ጨው ፍሬ ጥርት ብለው እንዲረጉ ማድረግ ያስፈልጋል። ክሪስታል የሚባለው ይህ ነው። ከጨው ግን በጣም ይለሰልሳል፤ ግማሹ ውኃ ነው፣ በእጅ ቢነኩት ይፈርሳል። ሁለት ዓመት ሙሉ የሚረጋ ነገር አጥተው፣ ሲረጋም እየፈረሰባቸው ቆዩ። በመጨረሻ አንዲት ደህና ፍሬ ስትገኝ በኃይለኛ ብርድ አቀዘቀዟት፣ ትልቅ ክብ ሕንፃ ውስጥ ወዳለ መሣሪያ ወሰዷት፣ ተራ ጠብቀው ራጅ ለቀቁባት። ጨረሩ ፍሬዋን ሲያልፍ ተበትኖ ነጠብጣብ ይጥላል። ቅርጹን ያወቁት ከነጠብጣቡ ወደ ኋላ እያሰሉ ነው። ያላዩትን አየን አላሉም። አንድ ጥብጣብ የት ላይ ደብዛዛ እንደሆነባቸው እንኳ በሥዕሉ ላይ ምልክት አድርገዋል።

ደብዛዛውን ደብዛዛ ነው ብሎ ምልክት የሚያደርግ ሰው በሥራ ዘመኔ ብዙ አላየሁም። በተለይ ጣቢያችን ውስጥ።

ዜናውን በስልክ አስጻፍሁ። የጣቢያው ዜና አዘጋጅ አንድ ጊዜ አስነበበኝና ተነፈሰ።

«ይኼ ክሪስታል የምትለው ለአርሶ አደሩ ምን ያደርግለታል?»

«ለጊዜው ምንም።»

«ታዲያ ዜናው የቱ ጋ ነው?»

«ማየታቸው ነው ዜናው።»

«ወንድሜ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሰሚው ጆሮ ላይ አይቆምም። እኔ አስተካክለዋለሁ፤ አንተ አትጨነቅ።»

ይህ ሰው የተማረ ነው። ኢንዛይም ምን እንደሆነ አያውቅም ብዬ አላማውም፤ ከእኔ ይልቅ ያውቅ ይሆናል። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ሻይ ቤት ተቀምጬ ያስተካከለውን ሰማሁ። የራያ ቆቦ ልጅ ለሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት አገኘ። በቅርብ ጊዜ ውስጥ ለኅብረተሰቡ ይዳረሳል። ቤቱ አጨበጨበ፤ አንዱ ባጃጅ ነጂ የእኔን ትከሻ ይዞ ነቀነቀ። ወጥቼ ደወልሁ።

«ማስተባበያ ይውጣ» አልሁት።

«ማስተባበያ ካወጣን ሕዝቡ ጣቢያውን አያምነውም» አለኝ።

ይህን ሲል አልሳቀም። እውነት ብንናገር የሚያምነን እናጣለን ብሎ ከልቡ የሚፈራ ሰው የዜና አዘጋጅ ነበር። እኔም ስልኩን ዘግቼ ቤቴ ገባሁ። ሌላ የምለው የለኝም፤ ገባሁ።

ከሁለት ቀን በኋላ ለተመራማሪው አዳራሽ ውስጥ አቀባበል ተደረገለት። አቀባበሉን ያዘጋጀው ኮሚቴ ማን እንደመረጠው አላውቅም። እንግዳ በመጣ ቁጥር ኮሚቴ ሆነው ብቅ የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ለእንግዳው የሚቀርበውን ሥጋ የሚቀምሱት እነሱ ናቸው። ሰብሳቢው በዚያ ሙቀት ሙሉ ልብስ ከነሰደርያው ለብሷል። ከመድረኩ በላይ «የሳንባ ነቀርሳን ድል የነሣ ጀግናችን እንኳን ደህና መጣህ» የሚል ጨርቅ ተሰቅሏል። ለሰብሳቢው ጠዋት ላይ ሄጄ ሐቁን ነግሬው ነበር፤ ቃል በቃል፣ ቦዩን አየ፣ አልደፈነም ብዬ።

«ገባኝ» አለኝ። «ግን በሬው ታርዷል።»

ንግግሩ ረዘመ። ሰብሳቢው ሥዕሉን ከፍ አድርጎ ለሕዝቡ አሳየና ቢጫውን ጥብጣብ በጣቱ ነካ። «መድኃኒቱ እንግዲህ ይህ ነው» አለ። ባክቴሪያው ራሱ የሚኖርበትን ኢንዛይም ነው መድኃኒት ያለው። ተመራማሪው ተነሥቶ ድምፅ ማጉያውን ተቀበለ።

«ወገኖቼ፣ መድኃኒት አላገኘሁም። የተነገረው ስሕተት ነው።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

«የምሬን ነው። እኔ ብቻዬንም አይደለሁም፤ ከብዙ ሰው ጋር ነው የሠራሁት። የሚዋጥ ነገር የለንም።»

አሁን ደግሞ ቆመው አጨበጨቡ። ከኋላ አንድ ሽማግሌ፣ «ሰማችሁት? አልሠራሁም ይላል! የጨዋ ዘር ነው ይኼ!» ብለው ጮኹ።

ለማያውቀው ሰው ይህ ያስገርማል። እኛ ዘንድ ግን ሰው የሠራውን ሠራሁ አይልም። ጎርፍ ከወሰደው ሕፃን ያወጣን ሰው ብታመሰግነው፣ «እኔ ምን ሠራሁ፣ አላህ ነው ያወጣው» ይልሃል። ብትደግምለት ይቆጣል። ብትሠልስለት በቦታው እንዳልነበረ ይምልልሃል። አዎ፣ እኔ ነኝ ያወጣሁት ያለ ግን በሠርግም በለቅሶም ሲሳቅበት ይኖራል። ስለዚህ የዚያ አዳራሽ ሰው ሞኝ አልነበረም። የሰማውን በለመደው መንገድ ተረጎመ። ሐቁን እያወቁ ያጨበጨቡት ከፊት የተቀመጡት ናቸው፤ እኔ የምንቃቸውም እነሱን ነው።

ተመራማሪው ከመድረክ ወርዶ አጠገቤ ተቀመጠ። የደረቡለት ጋቢ እያላበው ነበር።

«አግኝቻለሁ ብል ኖሮ ማንም አያምነኝም ነበር» አለኝ።

ሦስት ሳምንት አለፈ። ለሌላ ሥራ ጎብዬ ሄጄ ከሚኒባስ ስወርድ አንዲት ነርስ መንገዱን ተሻግራ መጣች። ከጎጃም ተመድባ የመጣች ናት፤ የሳንባ ነቀርሳ ታማሚዎችን የምትከታተለው እሷ መሆኗን ከዚያ በፊት ከሠራሁት ዘገባ አውቃለሁ። ታማሚዎቹ በየጠዋቱ ጤና ጣቢያ እየመጡ እፊቷ ነው ክኒናቸውን የሚውጡት።

«አንተ ነህ አይደል ሬዲዮው?»

«ደህና አደርሽ ሲስተር።»

«ደህና አላደርሁም። ሦስት ሰው አቋርጦብኛል።»

ሁለቱን እንዳላገኘቻቸው፣ ሦስተኛውን ግን ቤቱ ድረስ ሄዳ እንደለመነችው ነገረችኝ። ከጎብዬ በስተምሥራቅ ያለ ማሽላ አራሽ ነው። ክኒኑ ሆዱን እያመመው እንደምንም ሲውጥ ቆይቶ፣ ዜናውን በሰማ ማግሥት ቀረ። ስትሄድበት፣ «አብሽሪ ሲስተር፣ የእኛው ልጅ የተሻለውን ይዞ መጥቷል፤ እሱን እጠብቃለሁ» አላት። አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ከሚስቱና ከአራት ልጆቹ ጋር ይተኛል። ትንሿ ገና ጡት አልጣለችም።

«መሀል ላይ ሲያቋርጠው በሽታው ክኒኑን ይለምደዋል» አለችኝ። «ከዚያ በኋላ እኔ የምሰጠው ነገር ላይሠራ ይችላል። እሱ ይሞታል፤ ሕፃኗንም ይዞ ነው የሚሄድ። ይህንንም በሬዲዮ ተናገራ!»

ተመራማሪው ፈቃዱ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር። ደወልሁለት፤ በማግሥቱ ጠዋት ጎብዬ ደረሰ። ሦስታችንም በባጃጅ መንገዱ እስከሚያበቃበት ሄደን የቀረውን በእግራችን ተጓዝን። ሰውየው ከቁርቁራ ዛፍ ሥር ተቀምጧል፤ አጠገቡ ጎረቤቶቹ ማሽላ ይወቃሉ። ልብሱ ሰፍቶታል። ተመራማሪውን ሲያይ እየተንገዳገደ ተነሣና ትከሻውን ሳመው።

«ወላሂ ይመጣል ብያቸው ነበር!»

«አያ፣ መድኃኒት የለኝም» አለው ተመራማሪው።

ሰውየው ወደ ጎረቤቶቹ ዞረ። «አያችሁ? የአባቱ ልጅ እኮ ነው።»

«ስማኝ፣ አላገኘሁም።»

«እሺ አላገኘህም። እኛም አልሰማንም።» ዓይኑን ጠቀሰለት።

«ሰውዬ፣ ትሞታለህ!» አለች ነርሷ።

«ሲስተር፣ አንቺ እንግዳ ነሽ። የእኛን ሰው አታውቂውም።»

ተመራማሪው ሥዕሉን ከቦርሳው አወጣ። ይህ የበሽታው አካል እንደሆነ፣ ያየው ይህን ብቻ እንደሆነ፣ ዛሬ የሚያድነው ነርሷ ዘንድ ያለው ክኒን እንደሆነ ነገረው። ሰውየው ሥዕሉን በጥንቃቄ፣ በጣቱ ጫፍ ነካው።

«ሱብሐነላህ። በሽታውን አንጀቱ ድረስ ያየ ሰው መድኃኒቱ ይጠፋዋል?»

ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። ሳል ያዘው፤ ጎንበስ ብሎ ጨረሰና ቀና አለ። ድምፁ ቀዝቅዞ ነበር።

«ወይስ ለቆቦ ሰው ብቻ ነው የመጣው?»

ተመራማሪው ሥዕሉን አጠፈ። ክዶ አልታመነም፤ አሁን ደግሞ እየነፈገው ሊመስል ነው። እኔ እስከዚያ ድረስ ደብተሬን ይዤ ከዳር ቆሜ ነበር።

«አያ» አልሁት፣ «ውሸቱ የእኔ ነው።»

«አንተ ደግሞ ማነህ?»

«የሬዲዮው ሰው ነኝ። ወሬው የተነሣው ከእኔ ነው። መድኃኒት ተገኘ የተባለው ውሸት ነው። እሱ የሚልህ እውነቱን ነው።»

አዘጋጁ ነው የለወጠው ልል እችል ነበር። ሐቁ እሱ ነው። ግን እዚያ ዛፍ ሥር የሌለን ሰው መክሰስ ለሰውየው ሌላ ማምለጫ ነበር የሚመስለው። ደግሞም ሦስት ሳምንት ሙሉ እያወቅሁ ዝም ብያለሁ፤ ስለዚህ ከሐቁ ብዙ አልራቅሁም።

ሰውየው አንድ እርምጃ ወደ እኔ ቀረበ።

«ውሸታም ነኝ ነው የምትለኝ?»

«አዎ።»

«በሰው ፊት?»

«በሰው ፊት።»

በጎ ሥራውን ለጨዋነት ሲል የሚክድ ሞልቷል። ለጨዋነት ሲል ውሸታም ነኝ የሚል ግን በዚያ አገር አልተወለደም። ይህን እሱም እኔም እናውቃለን። ዞር ብሎ የሚወቁትን ጠራ።

«ኑ! ኑማ ይህን ሰው ስሙት! በል ድገምላቸው።»

ደገምሁላቸው። አንዲት ሴት መንሽ እንደያዘች ቀርባ ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ። «አይ ፊት! ደብተርም ይዟል ደግሞ!» አለች።

«ለዚህ ደመወዝ ይሰጡሃል?» አለኝ አንዱ።

«ይሰጡኛል።»

«ወይ ጉድ! እኛስ በነፃ ነው የምንዋሽ።»

ሳቁ። ሰውየው ግን አልሳቀም። ቁጭ አለና ነርሷን ቀና ብሎ አያት።

«ሲስተር፣ ክኒኑ አለ?»

«አለ። አክታህን እንመረምራለን፤ ምናልባት ከመጀመሪያው ነው የምንነሣው። መርፌም ሊጨመር ይችላል።»

«እመጣለሁ።» በአገጩ ወደ እኔ አመለከተ። «ይኼ ደግሞ በገበያ ቀን ጎብዬ ቆሞ ይናገር። ሌሎቹ እኔን አያምኑኝም። ከራሱ አፍ ይስሙት።»

በገበያው ቀን ሄድሁ። የእህል ተራው አጠገብ ቆሜ ያንኑ ቃል ተናገርሁ፤ ሰው ከበበኝ፣ ተሰደብሁ፣ አንድ አሮጊት ልጃቸው ከዓመታት በፊት በዚሁ በሽታ እንደሞተ እየነገሩኝ ረገሙኝ። ከቀሩት ሁለት ታማሚዎች አንደኛው በማግሥቱ ወደ ጤና ጣቢያ ተመለሰ። ሁለተኛዋ ወጣት ሴት ነበረች። ከዘመዶቿ ጋር ወደ አፋር በኩል ወርዳለች ተባለ። ነርሷ ሰው ልካባት አልተገኘችም። ከዚያ በኋላ የሆነችውን አላውቅም፤ ጠይቄ የሚያውቅ አላገኘሁም።

የሆነውን ሁሉ ለአዘጋጁ በስልክ ነገርሁት፤ የወጣቷንም ሳይቀር። 

«ገበያው ላይ ስንት ሰው ነበር?» አለኝ።

«አልቆጠርሁም። ብዙ።»

«ግሩም ነው። የጎብዬ ነዋሪዎች ስለ ሳንባ ነቀርሳ ግንዛቤ አገኙ ብለህ ላክልኝ።»

አልላክሁም። እሱ ግን ራሱ ጽፎት ተነበበ። ያ የኮሚቴ ሰብሳቢም ዜናውን ሰምቶ እንኳን ደስ አለህ ብሎ ደወለልኝ። ማስተባበያው እስከ ዛሬ አልወጣም።

ሰውየው ጎብዬ መንገድ ላይ በየጊዜው ያጋጥመኝ ነበር፤ በጠዋት ወደ ጤና ጣቢያው ሲሄድ ወይም ሲመለስ። ሰላም እለዋለሁ፤ አይመልስም። የማያውቁትን መንገደኛ እንኳ አስቁመው ስለ ከብቱና ስለ ዝናቡ በሚጠይቁበት አገር፣ ሰላምታ መንፈግ ቀላል ነገር አይደለም። እሱ ሳይታክት ነፈገኝ። እኔም ሰላም ማለቴን አልተውሁም፤ የምለው አንገቱ ሲወፍርና ልብሱ ሲሞላለት ለማየት ነበር።

በቀጣዩ ዓመት አጨዳ ሕክምናውን እንደጨረሰ ነርሷ ነገረችኝ። በዚያው ሰሞን ከአንድ ወዳጁ ጋር ግመል ላይ ማሽላ ሲጭን አገኘሁት። ኩንታሉን ብቻውን አንሥቶ ለወዳጁ አቀበለው። ሰላም አልሁት። እኔን ሳይሆን ወዳጁን አየ።

«ይኼ ነው» አለው፣ «ያ የነገርሁህ ውሸታም።»

ሁለቱም ከልባቸው ሳቁ። እሱ እስኪበቃው ሳቀ፤ ከሳቁ በኋላም አላሳለውም።